በአንድ ቀዳዳ ሁለት መርፌ፦ የእትዬ የሕይወት ታሪክ

እትዬ፣ ቦርሳ ሰፊ ከነበሩት አባታቸውና «የሰፊው ሚስት» ተብለው ብቻ ይጠሩ ከነበሩት እናታቸው መጋቢት 11 ቀን 1946 ዓ.ም. ፊቱ መስፊያ ቤት፣ ጓዳው መኖሪያ በሆነ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ተወለዱ። ሙሉ ስማቸው በዚህ ወረቀት ሽፋን ላይ በትልቁ ስለ ተጻፈ እዚህ አልደግመውም፤ ብደግመውም ብዙዎቻችሁ አታውቁትም። ትንሹም ትልቁም፣ በዕድሜ የሚበልጧቸው ሳይቀሩ፣ እትዬ ሲሏቸው ኖረዋል። እውነተኛ እህታቸው ግን አንድ እኔ ብቻ ነኝ። እኔ የተወለድኩት በ1949 ዓ.ም. ነው፤ የጠየቀኝ ባይኖርም።

ይህን ታሪክ እንድጽፍ ያዘዘኝ መምህሩ የበኩር ልጃቸው ነው። «አክስቴ፣ አንድ ገጽ ይበቃል። ደግሞ ስለ እማዬ ብቻ ይሁን» አለኝ። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ ነውና ጠባዬን ያውቃል። ነገር ግን ከሃምሳ ዓመት በላይ ከአንድ ሰው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ የሰፋ ሰው ራሱን ትቶ እንዴት እንደሚጽፍ አልነገረኝም። በቤት ውስጥ አንቺ እላቸው ነበር፤ በዚህ ወረቀት ላይ ግን በወጉ አንቱ እላቸዋለሁ። ይህንንም ለመምህሩ ስል ነው።

እትዬ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራችን ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። ከሦስተኛ ደረጃ ዝቅ ብለው አያውቁም። ይህን የምለው ለወግ ያህል አይደለም፤ ዋጋውን የከፈልኩት እኔ ነኝ። ከሦስት ዓመት በኋላ እዚያው ክፍል ስገባ መምህርቷ የስም መጥሪያውን ዝቅ አድርገው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና «የእሷ እህት ነሽ? እስቲ እናያለን» አሉ። አዩ። ሁለተኛም አልጠየቁኝም።

በ1961 ዓ.ም. እናታችን በድንገት ዐረፉ፤ የእትዬም ትምህርት በዚያው አበቃ። እዚህ ላይ የቤታችንን አሠራር ማስረዳት ይኖርብኛል፤ እሱን ያላወቀ እትዬን አወቅኩ ማለት አይችልም። ትንሽ ቦርሳ አንድ ሰው ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይሰፋዋል። ትልቁ የመንገድ ሻንጣ ግን የሁለት ሰው ሥራ ነው። ቆዳው በእንጨት ተይዞ መሃል ይቆማል፤ አንዱ ሰፊ በውጭው ፊት፣ ሌላው በውስጡ ፊት በኩል ይቀመጣል። ሰም የተቀባው ክር አንድ ሲሆን በሁለቱም ጫፍ መርፌ አለው። ወስፌ በበሳው በአንዱ ቀዳዳ ሁለቱ መርፌዎች ይተላለፋሉ፤ ከዚያ ሁለቱ ሰፊዎች ክሩን እኩል ይስባሉ። የአንዱ አሳሳብ ከላላ ወይም ከጠነከረ ስፌቱ ይጣመማል። ሁለት ሰዎች ተኮራርፈው ሻንጣ መስፋት ይችላሉ፤ እኛ ስንት ጊዜ ሰፍተናል። አንዱ የአንዱን እጅ ሳያይ መስፋት ግን አይችልም።

በውጩ በኩል አባታችን፣ በውስጡ እናታችን ይቀመጡ ነበር። እናታችን ሲሞቱ የአባታችንም ዓይን ደክሞ ስለ ነበር ሁለታችንን ጠርተው ለአንድ ሳምንት ቁርጥራጭ ቆዳ አሰፉን። ስፌታችንን በጣታቸው እየዳሰሱ ብዙ ካሰቡ በኋላ እትዬን በውጩ፣ እኔን በውስጡ ወንበር አስቀመጡን። የውጩ ወንበር ፊቱ ወደ በሩ ነው፤ የውስጡ ደግሞ ጀርባው ወደ በሩ። የውጩ ስፌት ዓለም ያየዋል፤ በውስጡ ላይ ገበር ይለጠፍበታል። ታላቅ ስለሆኑ ነው ብዬ ተቀበልኩ። ተቀበልኩ ማለቴ መርፌዬን አነሳሁ ማለቴ ነው፤ ቅናቴ ግን ከዚያን ዕለት ጀምሯል።

እትዬ በሥራቸው ትጉ፣ ለደንበኛ ትሑት፣ በአፋቸውም ጨዋ ነበሩ። አባታችን በ1972 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ መስፊያ ቤቱን እርሳቸው መሩት። ሰው በራችንን ከፍቶ ሲገባ «እትዬ፣ እጅሽ ወርቅ ነው!» ይላል፤ ከዚያ ጀርባዬን ያይና «የእትዬ እህት፣ እንዴት ነሽ?» ይላል። ደህና ነኝ እላለሁ፤ ዞሬ ግን አላውቅም።

ከዚያ ቀደም ብሎ በ1968 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ከሰዓት ጠጋኙ ጋር ጋብቻ መሥርተዋል። ሰዓት ጠጋኙ ለሰዓት ማሰሪያ የሚሆን ቆዳ ፍለጋ ሲመላለሱ ኮቴያቸውን መጀመሪያ የለየሁት እኔ ነበርኩ። ገና መንገዱን ሳይሻገሩ በእርምጃቸው አውቃቸው ነበር። እርሳቸው ግን በሩን ሲከፍቱ የሚያዩት የእትዬን ፊት ነው፤ እኔን የሚያውቁኝ በጀርባዬ ነው። አባታችን ወንበሮቹን አዘዋውረው አስቀምጠውን ቢሆን ኖሮ ነገሩ እንዴት ይሆን እንደ ነበር እግዜር ያውቃል። ሰዓት ጠጋኙ አሁን ፊት ረድፍ ላይ ተቀምጠው ይህ ሲነበብ ይሰማሉ። አይደንግጡ፤ አርባ ሰባት ዓመት አልፎታል። ከጋብቻቸውም መምህሩንና ዛሬ ከእኔ ጋር የምትሰፋውን ሴት ልጃቸውን አፍርተዋል።

በ1979 ዓ.ም. በእጅ ሥራ ዐውደ ርዕይ ላይ ሻንጣችን አንደኛ ወጣ። በምስክር ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የእትዬ ስም ብቻ ነበር። ፎቶ አንሺ መጥቶ በሥራ ላይ እንዳለን አነሳን። ያ ፎቶ በእጃችሁ በያዛችሁት ወረቀት ሽፋን ላይ ያለው ነው። እትዬ ፈገግ ብለው ያያችኋል። በስተግራ ጥጉ ላይ ያለችው ትከሻና ግማሽ ጆሮ የእኔ ናት።

በሳምንቱ መርፌዬን ይዤ ወጣሁ። ከመስፊያ ቤታችን ሦስት በር ዝቅ ብሎ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ቀበቶና የሴት ቦርሳ መስፋት ጀመርኩ። በስፌቴ ውጭም ውስጥም እኔው ነበርኩ። የሰፈሩ ሰው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ሲል እሰማ ነበር። እትዬ በቦታዬ እጁ የተመሰገነ ሰፊ ቀጠሩ። ሰባት ወር አብረው ሠሩ። ሻንጣዎቹ ከውጭ ሲታዩ በማስመሪያ የተሰመሩ ይመስላሉ፤ ውስጣቸው ግን እየላላ ስፌታቸው በመንገድ ላይ ይተረተር ጀመር። አንድ ነጋዴ ልብሱን በሁለት እጁ ታቅፎ፣ ባዶ ሻንጣውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በሰፈሩ መሃል ሲመጣ በመስኮቴ አይቻለሁ። እውነቱን ለመናገር ሳቅሁ። እትዬ ለሁሉም «ክሩ ነው፣ ክሩ ነው» እያሉ መለሱ።

አንድ ቀን ጠዋት እትዬ በሬ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ይቅርታ አልጠየቁም። «ክሩን ሰም ቀብቼዋለሁ። ሳይደርቅ ነይ» ብቻ አሉኝ። እኔም ይቅርታ አልጠየቅኩም። ሰሙ እንዳይደርቅ ብዬ ተከተልኳቸው።

በ2006 ዓ.ም. የእትዬ ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ፊት ለፊታቸው የምቀመጠው እኔ ነኝና። መርፌያቸው ቀዳዳውን ስቶ ሲያልፍ እጠብቃለሁ፤ አሳሳባቸው ሲላላ የእኔን አላላለሁ፤ እጃቸው ሲወራጭ ክሩን በአውራ ጣቴ እይዝላቸዋለሁ። እንዲህ እያልን ሰባት ዓመት ሰፋን። የውጩ ስፌት አንድም ቀን አልተጣመመም። ደንበኛም ይገባና ስፌቱን እየዳሰሰ «ይሄ የእትዬ እጅ ነው፤ ያስታውቃል!» ይላል። አንዲት ቃል ብናገር ይበቃ ነበር፤ አልተናገርኩም። ደግነት ነው እንዳትሉኝ። እጃቸው በመድከሙ ደስ ያለኝ ቀንም ነበር። በዚያ ቀን እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

በ2013 ዓ.ም. ሕመማቸው ስለ ጸናባቸው ሥራ አቁመው ጓዳ ተኙ። በቦታቸው ልጃቸው ተቀመጠች። አልጋቸው ከመስፊያ ቤቱ ጋር በአንድ ግድግዳ ስለሚገናኝ የሥራውን ድምፅ ይሰሙ ነበር። ስፌቱን የምንጠፈጥፍበት መዶሻ ከቆመ «ምን ሆናችሁ?» ብለው ይጣራሉ። ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ሳይሰለቹ አስታመሟቸው፤ ሐኪሞችም የሚችሉትን አደረጉ።

ባለፈው ሳምንት ውሃ ሳጠጣቸው እጄን ያዙኝ። «አባባ ከመሞታቸው በፊት ያሉኝን አልነገርኩሽም» አሉ። አባታችን ያሉት ይህ ነው፦ የውጩ ስፌት ለዓይን ነው፤ ዕቃ የሚሸከመው የውስጡ ነው። ስለዚህ የተሻለው እጅ ሁልጊዜ ውስጥ ይቀመጥ። እናታችንም ውስጥ ይቀመጡ የነበረው ለዚህ ነው። ያንን ሳምንት ሙሉ ስፌታችንን የዳሰሱትም የማን እጅ እንደሚሻል ለማወቅ ነበር። አውቀውም ነበር። ለእትዬ ነግረዋቸው ለእኔም እንዲነግሩኝ አደራ ብለዋቸው ነበር።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳቸው።

«ቀንቼብሽ ነው» አሉ እትዬ። «ደግሞ ካወቅሽ ጥለሽኝ ትሄጂያለሽ ብዬ ፈራሁ። ሳታውቂ እንኳ ሄደሽ ጉዴ ፈልቶ ነበር። እጄ ሲንቀጠቀጥ ስትሸፍኚልኝ እንደኖርሽም አውቃለሁ። መርፌው ይናገራል።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ተናደድኩ። ውሃውን አስቀምጬ ወደ መስፊያ ቤቱ ወጣሁና በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በውጩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ በሩ ይታያል፤ መንገዱም፣ የሰዓት ጠጋኙ ሱቅም ይታያል። ሃምሳ አራት ዓመት የቀናሁበት ይህንን ነበር። ልጃቸው የውስጡን ስፌት ልታይ ከእናቷ ወንበር ተነስታ በእኔ ቦታ ተቀምጣ ስለ ነበር እስቲ ጥቂት እንስፋ አልኳት። መርፌው መተላለፍ ሲጀምር ቀና ማለት እንደማይቻል ያወቅኩት ያኔ ነው። በሩም መንገዱም ጠፋ። ከዚያ ወንበር የሚታየው ፊት ለፊት ያለው ሰው እጅ ብቻ ነው። እትዬ ያን ሁሉ ዘመን ሲያዩ የኖሩት የእኔን እጅ ነበር።

ተመልሼ ውሃውን አጠጣኋቸው። «ወንበሩን ትፈልጊያለሽ?» አሉኝ። «አሁንማ ምን ያደርግልኛል?» አልኳቸው። እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ማክሰኞ ጥቅምት 22 ቀን 2015 ዓ.ም. ጠዋት በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። በመወለድም፣ በትምህርትም፣ በትዳርም እንደ ቀደሙኝ በዚህም ቀደሙኝ።

እትዬ ባለትዳር፣ የሁለት ልጆች እናትና የአራት ልጆች አያት ነበሩ። ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና አንዲት እህት ትተው አልፈዋል። የእኛን ሻንጣ በቤታችሁ የያዛችሁ ሁሉ ይህን ሰምታችሁ የውስጡን ስፌት ለማየት ገበሩን እንዳትቀድዱ አደራ እላለሁ፤ መልሶ የሚለጥፈው ሰው አሁን አንድ ቀንሷል።

ልጃቸው ትናንት «አክስቴ፣ ከእንግዲህ የቱ ጋ ልቀመጥ?» ብላ ጠየቀችኝ። የአባታችንን ቃል አንድ ሳላስቀር ነገርኳት፤ በዚህ ቤት ዳግም የሚደበቅ ነገር የለም። በእናቷ ወንበር ትቀመጣለች። እኔ ከቦታዬ አልነሳም፤ እጄ ገና ከእጇ ይሻላል። በልጦኝ የተገኘ ቀን ራሴ ተነስቼ አስቀምጣታለሁ፤ ቅር እያለኝም ቢሆን። ሰኞ ጠዋት መስፊያ ቤቱ ይከፈታል። በሩን ገፍቶ የገባ ሰው እንደ ልማዱ ጀርባዬን አይቶ ቢጠራኝ፣ ከእንግዲህ እዞራለሁ።

ፈጣሪ የእትዬን ነፍስ ከአባታችንና ከእናታችን አጠገብ ያኑርልን፤ እጃቸው የማይንቀጠቀጥበትን ዕረፍት ይስጣቸው። ለእኛም ለቀረነው ክሩን እኩል የምንስብበትን ልብ ይስጠን።

ጸሐፊዋ፦ የእትዬ እህት