መምህርት ዌቭኒ ፎርዳይስና ከሳሎናቸው ወለል ሥር ያለው

መምህርት ዌቭኒ ሴምፕል ፎርዳይስ ከአባታቸው ከጀልባ ጠራቢው ከአቶ ጆሳያ ሴምፕልና ከእናታቸው ከወ/ሮ ኢስሜይ አዶኒስ፣ በጉያና፣ በዴመራራ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ ኖርተን ሆፕ በምትባለው መንደራችን እ.ኤ.አ. ግንቦት 9 ቀን 1946 ተወለዱ። በሦስተኛው ዓመት ታናሽ ወንድማቸው ክሌርሞንት ተከተላቸው። በቀብራቸው ዕለት የሚነበበውን ይህን ታሪክ የጻፈውም እሱ ነው። ከቤተሰቡ የተሻለ የተማረ ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ የወለሉን ነገር ከሥር የሚያውቀው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በመንደሩ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ገቡ። ከክፍላቸው አንደኛ ይወጡ ነበር፤ ይህ ሐሰት የለውም። አባታቸው ሁለት ልጅ የማስተማር አቅም ስላልነበራቸው አንዱ ይማር፣ አንዱ ሙያ ይያዝ ተባለ። ማን እንደተማረ ታውቃላችሁ። ክሌርሞንት ከአራተኛ ክፍል ወጥቶ መጋዝ ጨበጠ። መምህርት ዌቭኒ በ1966 ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው፣ በዚያው በተማሩበት ትምህርት ቤት ሠላሳ አምስት ዓመት አስተማሩ። እዚህ ከቆማችሁት ግማሾቻችሁ ማባዛትን በእሳቸው አርጩሜ የተማራችሁ ናችሁ።

በ1969 የፖስታ ቤቱን አቶ ሩፐርት ፎርዳይስን አግብተው ኦዴሳንና ጋርፊልድን ወለዱ። የገቡበትን ቤት፣ ይህንኑ በቋሚ ላይ ከፍ ብሎ የቆመውን ቤት፣ የሠሩት አባታቸውና ክሌርሞንት ናቸው። እያንዳንዱን የወለል ጣውላ የመታው ክሌርሞንት ነው።

በመንደራችን የገና ዋዜማ አዲስ የወለል ፕላስቲክ ያልተነጠፈበት ቤት የገና በዓል አልደረሰበትም። አሮጌው አይነሳም። አሮጌውን ማንሳት የቤቱን በረከት ማንሳት ነው ይባላል፤ ስለዚህ በላዩ ጋዜጣ ይደረግና አዲሱ ይደረባል። የደኅና እመቤት ቤት የሚታወቀው እግር ሲያርፍበት ሰመጥ በማለቱ ነው። የመምህርት ዌቭኒ ሳሎን ከመንደሩ ሁሉ ሰመጥ የሚል ነበር። በየዓመቱ በዋዜማው ተንበርክኮ የሚነጥፈው ወንድማቸው ሲሆን፣ ከላይ ቆመው «ወደ ግራ ሳበው» የሚሉት እሳቸው ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና።

ክሌርሞንት በ1981 አንድ ጊዜ፣ በ1990 ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ፣ ይህ ድርብርብ የመወልወያ ውኃ ይዞ ጣውላውን ያፍነዋል ብሎ ተናግሯል። ሰሚ አላገኘም። ወለሉ ከፍ እያለ የሳሎኑ በር መዝጋት ሲያቅተው የበሩን ታችኛ ጫፍ ሦስት ጊዜ ላገው። በሩ በተላገ ቁጥር ላጊው ተመሰገነ፤ ወለሉ ለምን ከፍ እንዳለ የጠየቀ የለም።

በ2003 ኦዴሳ ልታገባ ሆነ። ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ክሌርሞንት ከቤቱ ሥር ገብቶ ጣውላውን በካቻቪቴ ወጋ ቢያደርገው፣ ካቻቪቴው የበሰለ ሙዝ እንደሚወጋ እስከ እጀታው ዘለቀ። በሠርጉ ዋዜማ በዚህ ወለል ላይ፣ ሙሽራይቱን ከብቦ እየዘፈኑ ወለሉን በእግር መምታት፣ ክዌክዌ ሊረገጥ ነው። ክዌክዌ ላይ ያልተረገጠ ወለል፣ ያልተንቀጠቀጠ ቤት፣ የሙሽራይቱ ወገን ሰው የለውም ያሰኛል። ስድሳ ሰው ይጠበቅ ነበር።

የዚያኑ እሁድ የሙሽራው ወላጆች ከጆርጅታውን መጥተው ዝንጅብል እየጠጡ ሳለ የወለሉ ነገር ተነሣ። አቶ ሩፐርት ከሱቅ ያዩትን ጣት የሚያህል ወፍራም ስፖንጅ አመሰገኑ፤ ከፕላስቲኩ ሥር ቢነጠፍ እንደ ፍራሽ ይሆናል አሉ። ክሌርሞንት ግን ድርብርቡ ሁሉ ተነሥቶ፣ የበሰበሰው ጣውላ ተለውጦ፣ በላዩ ኮምፔንሳቶ በብሎን ይታሰር፣ በዚያ ላይ አንድ ፕላስቲክ ብቻ ይበቃል ብሎ አስረዳ። ስፖንጅ የጎበጠውን ይሸፍናል እንጂ የደከመውን አይሸከምም አለ።

አቶ ሩፐርት «ክሌርሞንትን ከለቀቃችሁት ሙሽራይቱን አፈር ላይ ነው የሚያስጨፍራት» አሉ። እንግዶቹ ሳቁ።

መምህርት ዌቭኒ አልሳቁም። ቢስቁ ይሻል ነበር። «ክሌርሞንት» አሉት፣ ሰሌዳ ፊት እንደቆመ ተማሪ፣ «አንተ መቁረጥና መንጠፍ ታውቃለህ። ከሥር የሚሆነውን የምናስብ እኛ አለን።»

ስፖንጁን ራሱ ክሌርሞንት ነጠፈው። ሲያልቅ በእርግጥም ያማረ ነበር። የመንደሩ ሴቶች ጫማቸውን እያወለቁ ሞከሩት።

የክዌክዌው ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰው ሞላ። ክሌርሞንት አንድ የመጨረሻ ነገር ልናገር ብሎ ደረጃውን ወጣ። እህቱ ክቡን እየመሩ ይዘፍኑ ነበር፤ ኦዴሳ መካከል ናት። እበሩ ላይ ሲያዩት ዘፈኑን ሳያቋርጡ ቀረብ አሉና «ወይ ግባና እርገጥ፣ ወይ ከበሩ ዞር በል» አሉት።

ዞር አለ። ከቤቱ ሥር ገባ። ሁለት ቋሚ ከነማጥበቂያ ውሻሉ ቆርጦ አዘጋጅቶ ነበር። ፋኖሱን ሰቅሎ ቀና ቢል ወለሉ በየእርግጫው ወደ እሱ ይወርዳል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይወርዳል። የበሰበሰ እንጨት ብናኝ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ልክ ከኦዴሳ እግር ሥር የሚሆነው አግዳሚ እንጨት አንድ ጊዜ ጮኸ፤ ከዚያ መሐሉ ላይ ነጭ ስንጥቅ ታየ። ክሌርሞንት የመጀመሪያውን ቋሚ ከሥሩ አስገብቶ ውሻሉን መምታት ጀመረ። የሚመታው እነሱ ሲረግጡ ብቻ ነው፤ ድምፁ እንዳይለይ፣ ሰው ደንግጦ ወደ አንድ ጎን እንዳይሮጥ። እነሱ አንድ፣ እሱ አንድ። ዘፈኑ ሲፈጥን እሱም ፈጠነ። አንድ ጊዜ ውሻሉ ስቶ ቋሚው ሲንሸራተት በትከሻው ደግፎ እስኪያስተካክለው ድረስ የስድሳ ሰው እርግጫ በአጥንቱ አለፈ። ያ ትከሻ እስከ ዛሬ ዝናብ ሲመጣ ይነግረዋል። ሁለተኛውን ቋሚ ካቆመ በኋላ ነበር ሰዉ እየዘፈነ ወደ ግቢ የወረደው።

በማግስቱ አቶ ሩፐርት ላገኙት ሁሉ «ስፖንጁ ጉድ ነው፣ ስድሳ ሰው ቻለ» ሲሉ ዋሉ። በሳምንቱ ደግሞ ከቤቱ ሥር የተንጠልጣይ አልጋቸውን ገመድ በአንደኛው ቋሚ አሰሩ። በ2014 እስኪያርፉ ድረስ አሥራ አንድ ዓመት ተኙበት። ቋሚው ከየት መጣ ብለው አልጠየቁም። ክሌርሞንትም አልተናገረም፤ ያልተጠየቀ ሰው ምን ይላል?

መምህርት ዌቭኒ በ2021 በስትሮክ ምክንያት ግራ እግራቸው ዛለ። በብረት መደገፊያ መሄድ ጀመሩ፤ ሆኖም የመደገፊያው እግሮች በስፖንጁ እየሰመጡ ሁለት ጊዜ ጣሏቸው። ሐኪሙ ሦስተኛው ውድቀት የመጨረሻ ይሆናል አሉ። ኦዴሳ ወደ እሷ ቤት ልትወስዳቸው ፈለገች። ከቤቴ የምወጣው ተሸክማችሁኝ ነው ብለው እንቢ አሉና በ2022 ክሌርሞንትን አስጠሩት።

ክሌርሞንት በሰባ ሦስት ዓመቱ እንደገና ተንበረከከ። እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው እያዩ ስፖንጁን ከነበላዩ ፕላስቲክ አነሣ፤ ከዚያም የገናዎቹን ፕላስቲክ አንድ በአንድ፣ ከቡኒው አበባ እስከ ቀዩ ሰድር፣ ሠላሳ አራት ድርብ አነሣ። በየመሐሉ ያለው ጋዜጣ ጥቁር ጭቃ ሆኖ ነበር። መጨረሻ ላይ ጣውላው ሲነካ ተናደና በወለሉ መካከል ጉድጓድ ተከፈተ። በጉድጓዱ ውስጥ የቋሚው አናት፣ የተሰነጠቀው አግዳሚ፣ ትንሽ ዝቅ ብሎም የተበጠሰ የገመድ ቁራጭ ይታይ ነበር።

መምህርት ዌቭኒ ከወንበራቸው ጎንበስ ብለው አዩት።

«ይሄን ማን አቆመው?»

«እኔ።»

«መቼ?»

«በኦዴሳ ክዌክዌ። እናንተ ስትረግጡ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬሽ ነበር፣ እትዬ።»

መምህርት ዌቭኒ ስህተት ሲያገኙ የማያልፉ ሰው ነበሩ፤ የራሳቸው ሲሆን ግን አንደበታቸው ይከብድ ነበር። ይቅርታ አላሉም። ማለታቸውንም ክሌርሞንት አልጠበቀም። ዓይናቸውን ከጉድጓዱ ሳያነሡ ግን፣ በተወለደ በሰባ ሦስት ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ «እና አሁን ከሥሩ ምን ይሁን?» ብለው ጠየቁት።

ጣውላው እንዲለወጥ፣ በላዩ ኮምፔንሳቶ እንዲታሰር፣ ከዚያ አንድ ፕላስቲክ ብቻ እንዲነጠፍ ነገራቸው። እንደዚያው ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት እንደተናገረው፣ አንድ ቃል ሳይጨምር።

«አንተ እንዳልክ ይሁን» አሉ።

ሥራው አሥራ ሁለት ቀን ወሰደ። መምህርት ዌቭኒ ከዚያ በኋላ አልወደቁም። ቀጥለው በመጡት ሁለት ገናዎች አዲስ ፕላስቲክ ይደረብ ያሏቸውን ጎረቤቶች «ወንድሜን ጠይቁ» ሲሉ ተሰምተዋል።

መምህርት ዌቭኒ ሁለተኛው ስትሮክ አግኝቷቸው፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 3 ቀን 2024 በተወለዱ በሰባ ሰባት ዓመታቸው፣ በገዛ አልጋቸው ላይ ዐረፉ። ከኋላቸው ሁለት ልጆች፣ አምስት የልጅ ልጆችና አንድ ወንድም ቀርተዋል።

እንደ ልማዳችን አስከሬናቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዱ በፊት በሳሎናቸው ያርፋል፤ ይህም ታሪክ የሚነበበው እዚያው ነው። እንግዲህ ይህን የምትሰሙት በዚሁ ወለል ላይ ተጨናንቃችሁ ቆማችሁ ነው። እግራችሁን እያያችሁ አትስጉ። ተሸካሚዎችም ስድስታችሁም በአንድ ላይ መሐሉን ረግጣችሁ አንሷቸው። ከሥሩ ምን እንዳለ ተጠይቆ የመለሰ ሰው አለ።

ጌታ የእህታችንን ነፍስ በማይከዳ መሠረት ላይ ያቁምልን፤ እኛንም ሳይመሽ መጠየቅን ያስተምረን። አሜን።