አባዬ የሰፋው ጫማ

ሰኞ ሐምሌ 7

ዛሬም ዝናብ። የማንኪራ ቀበሌ የመሬት ልኬታ አላለቀም። በላስቲክ ቦቲ ሄጄ ቦቲው ውሃ ሞልቶ ተመለስኩ። ጂፒኤሱ እንኳ ጭጋጉ ሰልችቶት መሰለኝ ሳተላይት አልይዝም አለ። የሰው ድንበር ስለካ ሦስት ዓመቴ... ቆጮ በጎመን በላሁ። ደከመኝ።

ረቡዕ ሐምሌ 9

ወደ አገሬ ለመዛወር ባመለከትኩት ጉዳይ ዞን ቢሮ ሄድኩ። ደህና ሰው ልምሰል ብዬ የአባዬን ጫማ አደረግሁ። ደብረ ብርሃን የምገባበት ቀን ይደርሳል ብዬ ያስቀመጥኩትን።

"ኮሚቴው አልተሰበሰበም" አለችኝ ሔርሜላ፣ የሰው ሀብት ሠራተኛዋ። መቼ ነው የሚሰበሰበው? "ኮረም ሲሞላ።" ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አይሞላም?

ስወጣ ሰማዩ ተቀደደ። ባለባጃጁ ዳገቱ ሥር ሲደርስ "ከዚህ በላይ ያንሸራትታል" ብሎ አወረደኝ። እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጭቃ። ጫማው ውሃ ጠጥቶ ከበደ።

ራት የሠራሁበት ፍም ነበር፣ ምድጃው ዳር አስጠጋሁት። አባዬ "ቆዳና እሳት አይዋደዱም" ይል ነበር። የጫማ ሰፊ ልጅ ነኝ፣ አውቃለሁ። ግን እዚህ አገር በጥላ ምን ይደርቃል? እሑድ ያጠብኩት ካልሲ ገና እርጥብ ነው።

ሐሙስ ሐምሌ 10

ደረቀ። እንደ እንጨት ደረቀ። የግራው ጎኑ ተሰንጥቋል፣ የጣቴን ያህል። ጫፉ ወደ ላይ ተቆልምሟል። እግሬን አላስገባ አለ።

አባዬ ዓይኑ ሳይጠፋ የሰፋው የመጨረሻ ጫማ ነው። ለምረቃዬ። ከዚያ ወዲህ መርፌ አልያዘም። ሌላ ከየት ይመጣል?

አከራዬ እትዬ ተሾመች በር ላይ ቆሜ አዩኝ። "ምነው ልጄ፣ ሰው ሞተብህ?" ተቀብለውኝ አገላበጡት። "አቃጠልከው እኮ።" ጫማውን ተቀብያቸው ገባሁ።

ዓርብ ሐምሌ 11

እንደ ሁልጊዜው ዓርብ አባዬ ደወለ። እህቴ ጽጌ ናት ቁጥሩን የምትነካለት። ስለ ጤናዬ ጠየቀ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቀ። ከዚያ ያችው ጥያቄ...

"ጫማውስ?"

"አለ። ደህና ነው።"

"ክሩ አልላላም?"

"አዲስ እኮ ነው አባዬ።"

ለማያይ ሰው መዋሸት እንዴት ይቀላል። በራሴ አፈርኩ። ጫማውን አልጋ ሥር ደበቅሁት።

ዓርብ ሐምሌ 18

ቤቱ ሸተተኝ። ጎንበስ ብዬ አልጋ ሥር ጫማውን ሳየው የቤቱን እርጥበት ጠጥቶ ሻግቷል። አረንጓዴ ፀጉር አብቅሏል።

"ተቃጠለ ብለህ ቀበርከው?" አሉ እትዬ ተሾመች። ደጅ አውጥተው ሻጋታውን በደረቅ ጨርቅ ጠረጉት። ማሰሪያውን አስፈቱኝ፣ ምላሱን አስከፈቱኝ። ከጓሮ በእፍኛቸው ደረቅ የቡና ገለፈት አምጥተው እስከ አፉ ጠቀጠቁበት። ከዚያ በረንዳው ላይ፣ ጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያልፍበት በኩል በጎኑ አስተኙት፤ ሶሉም ይተንፍስ ብለው።

"ገለፈቱን በየቀኑ ለውጥ። እርጥበቱን እሱ ይጠጣል። እሳት የለም። ፀሐይ ብትወጣም የለም።"

"ስንት ቀን ይፈጃል?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ጫማውን ጠይቀው።"

አባዬ ሲደውል አላነሳሁም።

ማክሰኞ ሐምሌ 22

ገለፈት ለወጥኩ። አሁንም ይረጥባል።

ሐሙስ ሐምሌ 24

ማንኪራ። የጋሽ ጣሰውን ድንበር ለካሁ። ንብ አናቢ ናቸው፣ ጫካው ውስጥ ቀፎ ይሰቅላሉ። እያነከስኩ ስሄድ አይተው ጠየቁኝ፤ ቦቲው እግሬን ልጦት ነበር። የቦቲውን ስነግራቸው የአባዬን ጫማ ነገርም ነገርኳቸው።

ሰም ሰጡኝ፣ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው። "ከቅቤ ጋር አቅልጠውና ለብ ሲል ቀባው። እኔ ዛፍ የምወጣበትን ጠፍር በዚህ ነው የማኖረው።"

"የተሰነጠቀው ይገጥማል?"

"አይገጥምም። ግን ከዚያ አያልፍም።"

ስላልዋሹኝ ወደድኳቸው።

ዓርብ ሐምሌ 25

ጠዋት ቀባሁት። ቆዳው እንደተጠማ ሰው ጠጣው። ግራው እያንገራገረም ቢሆን እግሬ ገባ። ቢሮ ስደርስ ባልደረባዬ ሰላሐዲን እጄን ጨብጦ አሸተተ። "አንተ፣ በዓርብ ቀን ክትፎ በላህ?" አለኝ። ከስንት ቀን በኋላ ሳቅሁ።

ከሰዓት የጽጌ መልእክት ገባ። "ለምንድነው የማታነሳው? አባዬ የጫማውን ፎቶ ላክ ይላል። ለጓደኛው ለጋሽ ሰብሃት ሊያሳይ ነው። ልጄ እስካሁን ያደርገዋል ሊለው።"

የምረቃዬ ዕለት የተነሳ ፎቶ አለኝ። ጫማው ያብለጨልጫል። እሱን ብልክ ማን ያውቃል? ሁለቴ ከፍቼ ሁለቴ ዘጋሁት...

ቅዳሜ ሐምሌ 26

ራሴ ደወልኩ። "አባዬ፣ ጫማውን እሳት ዳር አድርጌ አቃጠልኩት። ግራው ተሰንጥቋል። ባለፈው ዋሽቼህ ነው።"

ዝም አለ። ስልኩ የተቋረጠ መስሏት ጽጌ "ሄሎ" አለች።

"ስፌቱስ?" አለ አባዬ።

ጫማውን አነሳሁ። ዙሪያውን በጣቴ ሄድኩበት። "አልተፈታም። አንድም ቦታ።"

"ታዲያ ምን ሆንክ? ቆዳው የበሬው ነው። የኔ ስፌቱ ነው።"

ደግሞም ስንቴ እንዳደረግሁት ጠየቀኝ። ሦስቴ አልኩት።

"በአራት ዓመት?"

"አገሬ የምገባ ቀን ላደርገው ብዬ ነው..."

"ልትሄድበት ነው የሰፋሁት። ልትጠብቀው አይደለም።"

ተቆጣ። ባቃጠልኩት ያልተቆጣው ሰውዬ ባስቀመጥኩት ተቆጣ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አለቀስኩ፣ ትንሽ።

ሐሙስ ነሐሴ 8

ዝናብ። ማንኪራ ደርሼ ተመለስኩ፣ በአባዬ ጫማ። በስንጥቁ ትንሽ ውሃ ገባ፣ በሌላው በኩል ግን ጠብ አላለም። ዞን በር ላይ አለፍኩ፤ ኮሚቴው ይሰብሰብ አይሰብሰብ አልጠየቅሁም። ድካሙ ያው ነው። ቢሆንም እግሬ አልተላጠም።

ጭቃውን ሳልጠርግ ፎቶ አንስቼ ለጽጌ ላክሁ። ከዚያ አጸዳሁት፣ ማሰሪያውን ፈታሁ፣ ገለፈት ጠቀጠቅሁበት፣ በረንዳው ላይ በጎኑ አስተኛሁት። ለነገ አይደርስም። ይቆይ።

ጽጌ መለሰች፦ "አባዬ 'ጭቃ አለው?' አለኝ። 'አለው፣ እስከ ማሰሪያው' አልኩት። ስልኬን ተቀብሎኝ፣ በትሩን ይዞ ጋሽ ሰብሃት ጋ ሄዷል። የምጽፍልህ በጎረቤት ስልክ ነው።"