ቀይ ማሰሪያ ያሰርንላቸው ውሾች

ለተከበሩ የባዘኑ እንስሳት አስወጋጅ ግብረ ኃይል ሰብሳቢ
ካዛንቺስ

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? እጆችዎስ ደኅና ናቸው? ስለ እጅ አጥብቄ መጠየቄ፣ በቤቴ የአንዲት ልጅ እጅ በጄሶ ታስሮ ስለሚገኝ ነውና ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማርኩ የሰፈርዎ ጡረተኛ ነኝ።

ልጅቱ ሃበን ትባላለች፤ ስዊድን ተወልዳ ያደገች የእህቴ ልጅ ናት። የዘንድሮ ዕረፍቷን ባሕር ማዶ በበጎ ፈቃድ ሥራ ላሳልፍ ብላ ስታስብ የእናቷን አገር መረጠች። ጎረቤቴ ወይዘሮ አልጋነሽ፣ ባለቤቶቻቸው ከሰፈሩ ሲነሡ ጥለዋቸው የሄዱ ውሾችን ወደሚያስጠጉበት ግቢ ገብታም ስታጥብ፣ ስታበላና ቁስል ስትጠርግ ሁለት ወር ቆየች። ከዚያ እርስዎ ደረሱልን። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ሃበን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የወሰዱትን ሃያ ሰባት ውሾች አንገታቸው ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረችላቸው። ባደገችበት አገር ቀይ ማለት «አትንኩ» ማለት ነው። በእኛ ሰፈር ግን ቀይ ቀለም የተቀባ ግንብ እንደሚፈርስ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። ጨርቁን ከአሮጌ መጋረጃዬ ቀድጄ የሰጠኋት ግን እኔው ነኝ፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

፪ኛ. ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሠራተኞችዎ መርዝ የተለወሰ ሥጋ ይዘው መጡ። በር ላይ ፀሐይ ሲሞቁ የነበሩት አሥራ ስምንቱ በሉ። በሙያዬ የመርዙን ጥራት ልመሰክርልዎ እችላለሁ፤ አንገታቸው ወደ ኋላ ተቆልምሞ፣ እግራቸው እንደ እንጨት ደርቆ፣ አረፋ እየደፈቁ አስፋልቱ ላይ ሲንፈራፈሩ፣ ጭንቅላታቸው ከድንጋዩ ጠርዝ ጋር ሲላተም የሚያወጣው ድምፅ እኔ ሳሎን ድረስ ይሰማ ነበር። የሠራተኞችዎ ጥንቃቄም የሚደነቅ ነው፤ ቀይ ያላሰረ አንድም ውሻ አልነኩም። ያልተከተቡት አራት የሰፈሩ ውሾች ዛሬም በነፃነት ይንሸራሸራሉ፤ እንዲያውም አንደኛው ለሃጩን እያዝረበረበ ወደ መስቀል ፍላወር ሰፈር ሲወርድ ታይቷል። የሕዝብ ጤና እንዲህ ሲጠበቅ አይቼ አላውቅም።

፫ኛ. ሻምበል የምንለው ሽማግሌ ውሻ ሥጋውን አሽትቶ ተወው። ለዚህ እምቢተኝነቱ በብረት ዘንግ ወገቡን ተሰበረ። በፊት እግሮቹ እየተጎተተ ወደ ሃበን ሲመጣ ልጅቱ ላዩ ላይ ተኛችበት። ሁለተኛው ምት እጇ ላይ አርፎ ሦስት ጣቶቿን ሰባበረ። ሦስተኛው፣ ከሌላ ሠራተኛ የተሰነዘረው፣ የሻምበልን ራስ ፈለጠውና ደሙ ፊቷ ላይ ተረጨ። እጇን የመታት ወጣት ግን ዘንጉን ወርውሮ፣ አቅፎ ታክሲ ውስጥ አስገባት፤ «ፋዘር፣ በቃ ቀይ ያለበት ይነሣል ተብለን ነው» እያለም አለቀሰ። ከቢሮዎ እስካሁን ያዘነልን እርሱ ብቻ ነውና፣ እባክዎ በዚህ ጥፋቱ እንዳይቀጡት።

ስለዚሁ ለቢሮዎ ያቀረብኩትን አቤቱታ «ምልክት የተደረገበት ንብረት» በሚለው መዝገብ ላይ ስላሰፈሩልኝም ከልብ አመሰግናለሁ።

አሁን ግቢው ውስጥ ስምንት ውሾች ቀርተዋል። ሐሙስ እንደሚነሡ የሚገልጽ ማስታወቂያዎ በሩ ላይ ተለጥፏል። ሃበን በደኅናው እጇ ቀዩን ጨርቅ ስትፈታላቸው ዋለች፤ ምንም ካላሰሩ ደግሞ ባለቤት የላቸውም እንዳይባሉ ትፈራለች። ስለሆነም እንዲኖር የተፈቀደለት ውሻ በምን ዓይነት ቀለም እንደሚታወቅ እስከ ረቡዕ በጽሑፍ እንዲገለጽልን በትሕትና እጠይቃለሁ። ነጭም ይሁን ሰማያዊ፣ የምቀደው መጋረጃ ሞልቶኛል።

ክንድዎ እንዳይዝል፣ ዘንግዎም እንዳይጎብጥ ከሚመኝልዎ ታዛዥዎ፣
አጽብሃ
ጡረተኛ መምህርና የመጋረጃው ባለቤት

ግልባጭ፦ ለስምንቱ ውሾች

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ስወጣ፣ ከሌላ ቢሮ የመጡ ሰዎች የእኔንም አጥር ቀይ ቀብተውት ሄደዋል። ትርጉሙን ስለማውቀው አልከራከርም። ሥጋውን የሚልኩልኝ ከሆነ ግን፣ ጾም ላይ ነኝና፣ ከፋሲካ በኋላ ይሁንልኝ።