ክኒን ቀዷ የለውም

ሞምባሳ፣ አሮጌው ከተማ
ሻዕባን 17፣ ማክሰኞ ከዐስር ሶላት በኋላ

ለልጄ ለሳኡሙ፣

አሰላሙ ዐለይኪ ወረሕመቱላህ። ይህን ደብዳቤ ይዛልሽ በምትመጣው በቢ ቲማ ፊት እንዳትከፍቺው። ብቻሽን ስትሆኚ አንብቢው። ሐሙስ ወደ እናንተ፣ ወደ ሙስካት፣ ስለምትበር ያዢልኝ ብላት፣ «በስልክ ዘመን ደብዳቤ? አንቺ ሴትዮ፣ በስተርጅና ፍቅር ያዘሽ እንዴ?» ብላ ሰፈሩን አሳቀችብኝ። እኔም ሳቅኩ። ምን ልበላት?

እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። የረመዳን ኮፍያ የሚያሠራው ሰው በዝቷል፣ ቀን ቀን መስኮቱ ሥር ተቀምጬ እጠልፋለሁ። በአንቺ አልጋ ላይ አሁን የጨርቁ ጥቅል ነው የሚተኛው። እንዳይባክን ብዬ ነው እንጂ ቦታሽን ለማንም አልሰጠሁም።

ዓርብ ዕለት በስልክ ያልሽውን ስደጋግመው ነው የሰነበትኩት። «እማ፣ እንቅልፍ እምቢ ቢለኝ፣ እንባዬም ያለ ምክንያት ቢመጣ፣ ሐኪሟ ሰርትራሊን የሚባል ክኒን ጀመረችልኝ። በቀን አንድ ነው። ረመዳን ሲገባ ላሳርፈውና ከዒድ በኋላ በሸዋል ያለፈኝን ቆጥሬ ቀዷውን አወጣለሁ፣ ልክ እንደ ጾሙ» አልሽና ሳቅሽ። እኔ የስልኩን አፍ በመዳፌ ሸፈንኩ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎሽ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልሽ። አክስትሽ ምዋናሻ አጠገቤ ኮኮናት ትፈቀፍቅ ነበር፣ ጆሮዋን ታውቂዋለሽ። «ተይ፣ እንዳታደርጊው» ብቻ አልኩሽ። «እሺ፣ እሺ» አልሽኝ። ያንቺን «እሺ፣ እሺ» ደግሞ ከልጅነትሽ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ የልቤን አደርጋለሁ ማለት ነው።

በአፌ ያቃተኝን በብዕር ልንገርሽ። ያንን ክኒን እኔም እውጣለሁ። የደም ግፊት ነው ያልኩሽ እሱ ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። መቼ እንደጀመርኩ ካርዴ ላይ ተጽፏል፣ ቀኑን ግን አትጠይቂኝ።

አምና በረመዳን ማንንም ሳልጠይቅ ተውኩት። ጠዋት ከሻይ ጋር ውጪው ተብዬ ነበርና፣ የጠዋት ሻይ ከሌለ ክኒንም የለም አልኩ። ከዚያ በእናቴ ልማድ ክር አወጣሁ። አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ጾም ላመለጠን ቀን አንድ ቋጠሮ እንቋጥራለን፣ ቀዷው ሲወጣ እንፈታዋለን። ለክኒኑም ሠላሳ ቋጠሮ ቋጠርኩ። በጣም ጠንቃቃ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ራሴን አዞረኝ። ዓይኔን ባዞርኩ ቁጥር የተላጠ የካውያ ሽቦ የነካሁ ያህል ጭንቅላቴ ውስጥ ብልጭ ይላል። በአንድ ማንኪያ ምክንያት ምዋናሻ ላይ ጮህኩ፣ እኔ! ጾሙ ነው አልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ያ የድሮው ነገር ተመለሰ። ኮፍያ ታቅፌ እቀመጣለሁ፣ አንዲት የጥልፍ ቀዳዳ ሳልሰፋ የመግሪብ አዛን ይሰማል። ለኢፍጣር አንድ ሳህን አቀርባለሁ፣ ሳህኑን አየዋለሁ፣ መልሼ እከድነዋለሁ።

ዒድ ባለፈ ማግሥት ቀዷዬን ጀመርኩ። በቀን ሦስት፤ አንዱ የዕለቱ፣ ሁለቱ ያለፈው። በአሥራ አምስት ቀን ክሩ ንጹሕ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። በአምስተኛው ቀን ጥርሴን ሲያመኝ የምዋናሻን የጉልበት ማስታገሻ፣ ያንን ጠንካራውን፣ ደረብኩበት።

ከሰዓት በኋላ ክሩ መርፌው ውስጥ አልገባ አለኝ። ምራቅ ቀባሁት፣ አልገባም። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ላቤ ኮፍያው ላይ ይንጠባጠባል፣ ልቤ ከደረቴ ሊወጣ ደረሰ።

ምዋናሻ ከደረጃው ሥር ሆና «አንቺ! ምን ያስጨፍርሻል? መሬቱን በእግርሽ ደበደብሽው እኮ!» አለች። እግሬ በራሱ ይመታ እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው። ወጥታ ፊቴን ስታይ ሳቋ ጠፋ። ጥቁር መጎናጸፊያዋን ገልብጣ ለብሳ በባዶ እግሯ ባጃጅ ጠራች።

ክሊኒኩ ውስጥ የነበረችው ነርስ ሲስተር ምጎይ ናት፣ ከታይታ ተራሮች የመጣች ክርስቲያን፣ ግን እንደኛ ትልቅ ሴትን «ቢ» ብላ የምታከብር።

«ቢ ዙሁራ፣ ስንት ዋጥሽ?»

«ሦስት።»

«ሦስት ዋጪ ያለሽ ማነው?»

«ማንም። ቀዷ ነው።»

አልገባትም። ምዋናሻ ስለ ጾሙና ስለ ክሩ አስረዳቻት። ነርሷ ትስቃለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። አልሳቀችም። እጄን ያዘችና «ቢ፣ ጾምሽን የሚቆጥረው አላህ ነው፣ እሱ ይቅር ባይ ነው። ክኒንሽን የሚቆጥረው ደምሽ ነው፣ ደም ደግሞ ቀዷ አያውቅም» አለችኝ።

ምዋናሻ ጣልቃ ገብታ «አላህ ይስጥሽ ልጄ! ይህቺ ሴት እኮ ለወለቀ ጥርሷም ቀዷ ከማውጣት አትመለስም!» አለች። ያኔ ሦስታችንም ሳቅን፣ እኔ ጥርሴ እየተንገጫገጨ።

ሁለት ቀን አስተኝተው ጠበቁኝ። ማስታገሻው ከክኒኑ ጋር ሲገናኝ አደገኛ እንደሆነ፣ ትንሽ ብዘገይ ኖሮ ሌላ ወሬ ትሰሚ እንደነበር ሐኪሙ ነገረኝ። ክኒኑን ራሱ እንደገና ከትንሹ አስጀመረኝ።

የተማርኩትን ልጻፍልሽ። ረመዳን ሳይገባ ሐኪምሽ ዘንድ ሂጂ። በቀን አንድ ስለሆነ መተው አያስፈልግም ይሆናል፤ ወደ ማታው ኢፍጣር ወይም ወደ ሌሊቱ ሱሑር ታዛውርልሻለች። አንድ ቀን ከረሳሽ፣ ባስታወስሽ ጊዜ ውጪው፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን ያለፈውን እርሺው። ሁለቱን ባንድ ላይ አትዋጪ። ማቆም ብትፈልጊ እንኳ እሷ ናት ቀስ በቀስ የምትቀንስልሽ። ማስታገሻም ሆነ የሳል ሽሮፕ ሳትጠይቂ አትደርቢ። የእኔ ልክ ያንቺ ልክ አይደለም፣ በእኔ አትለኪ። መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ለብቻሽ አትያዢው፣ በዚያው ቀን ለሐኪሟ ንገሪ፣ ለእኔም ንገሪኝ። አልደነግጥም። አውቀዋለሁ።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምርልሽ። እኔ ማንበብ የተማርኩት ጥብስ ባጂያ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው፣ የወደቀ ወረቀት አልፌ አልሄድም። የክኒኑን ወረቀት ግን ደቃቅ ጽሕፈቱን ጠልቼ የመርፌ መጠቅለያ አድርጌው ነበር። ከክሊኒክ ስመለስ ዘረጋሁት። «ያለፈውን ለማካካስ እጥፍ አይወሰድም» ይላል፣ መርፌዎቼ በበሱት ቦታ ላይ።

ምዋናሻ ለጎረቤት ሁሉ «ጥርሷን ነው ያመማት» አለች። እስከ ዛሬም ሌላ ቃል ከአፏ አልወጣም። ያቺ አፏን የምፈራት ሴት!

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ልለምንሽ። ሥራሽ ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ፣ አልወቅስሽም። ለሁለት ወር ትጠፊና በዒድ ሦስት ሰዓት ሙሉ ታወሪኛለሽ። ደስ ይለኛል። ስልኩን ስዘጋ ግን ቤቱ ከወትሮው ይበልጥ ዝም ይላል። አታካክሺልኝ። ፀሐይ እናንተ ዘንድ ቀድማ ትገባለች፤ አፍጥረሽ ክኒንሽን ስትውጪ አንዴ ሚስኮል አድርጊልኝ። አላነሳውም። እንደዋጥሽ አውቃለሁ። የእኔ አዛን ሲደርስ እኔም የራሴን ውጬ መልሼ አደርግልሻለሁ። ምዋናሻ የምታፈጥረው ልጇ ቤት ስለሆነ የሚሰማን የለም።

ከደብዳቤው ጋር ነጭ የጥልፍ ክር አለ፣ የክኒኑን ሳጥን እሰሪበት። ከመውሊድ ጀምሮ እኔ ዘንድ ነበር፣ ቋጠሮ ሞልቶት። የክኒን አልነበረም፣ የጾምም አልነበረም፤ ድምፅሽን ያልሰማሁባቸው ቀኖች ነበሩ። ትናንት መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ሁሉንም ፈታሁት። ትንሽ ተጨማዷል፣ ውኃ ሲነካው ይቃናል።

አላህ ልብሽን ያሳርፍልሽ፣ ጾምሽን ይቀበልሽ፣ የእያንዳንዱን ቀን በዚያው ቀን ይስጥሽ።

እናትሽ ዙሁራ