የጠፉት አሥራ ዘጠኝ ስሞች

ሰኞ፣ ኅዳር 7 ቀን 2002፣ ሾዋክ፣ ምሥራቅ ሱዳን

እንደ ሁልጊዜው አቧራ። እንደ ሁልጊዜው የስደተኞች ቢሯችን ሻይ ስኳር ብቻ። ግን... ተሳካ! እስከ ዛሬ የሠራተኞቹን ፋይል በፍላሽ ይዤ በአውቶቡስ ገዳሪፍ ማመላለስ ነበር ሥራዬ። አሁን የእኛና የገዳሪፉ ሰርቨር በሳተላይት ይገናኛሉ። እዚህ የተቀመጠው እዚያም ይባዛል፣ እዚያ የተለወጠው እዚህም ይለወጣል። ለሙከራ ስሜን ብቻ ጽፌ የጋራ ፎልደሩ ውስጥ አስቀመጥሁ። አራት ደቂቃ... የገዳሪፉ ቴክኒሻን ሶፎኒያስ ደወለ። «ፈይሩዝ ደርሳለች!» አለኝ፣ ስሜን አይቶ። ጮኽሁ መሰለኝ። ጥበቃው ሮጦ መጣ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 9

የስደተኞቹን ሕክምና የሚመዘግቡት እትዬ በለጡ አላመኑም። «እኔ እዚህ የጻፍሁትን ገዳሪፍ ያለ ሰው ያየዋል?»

«ያየዋል።»

«እንግዲያ ስለ አለቃችን የጻፍሁትን ቶሎ ላጥፋው!»

ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 13

ጉድ ሆኜ ነበር! እትዬ በለጡ ኡም ጋርጉር ካምፕን ሦስት ቀን በእግራቸው ዞረው ለዓይን ቀዶ ሕክምና ሠላሳ አንድ ሰው መዝግበዋል። ዛሬ ጠዋት ፋይሉን ሲከፍቱት አሥራ ሁለት! መስመሩ ተቋርጦ ሳለ ገዳሪፍ ሆኖ የሕመምተኞቹን ጉዞ የሚያዘጋጀው አሊ የድሮውን ዝርዝር ከፍቶ የአውቶቡስ ሰዓት ጨምሮበታል። መስመሩ ሲመለስ በኋላ የተቀመጠው አሸነፈ። የአሊ። ገዳሪፍ ሆስፒታል የሚወስዳቸው አውቶቡስ ደግሞ ማክሰኞ ነው...

እትዬ በለጡ አልተቆጡም። ያ ነው የባሰው። «ልጄ፣ ሰዎቹን ምን እላቸዋለሁ?» አሉ ብቻ።

ሶፎኒያስ ጋ ደወልሁ። እያለቀስሁ ነገርሁት። «አታልቅሺ። የተሸነፈው ፋይል ወዲያው አይጠፋም፤ ሰርቨሩ የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ያቆየዋል። ፎልደሩ ከሞላ ግን የቆየውን ይሰርዛል። ኻላስ፣ በቃ፣ ማባዛቱን አሁኑኑ አቁሚው!»

አቆምሁ። ፈለግሁ። ስሙ የቁጥር ክምር የሆነ አንድ ፋይል... ከፈትሁት። ሠላሳ አንድ! እትዬ በለጡ ቢሮው መሃል እልል አሉ። እኔም። አለቃችንም እልል ሊል ምንም አልቀረው።

ሰኞ፣ ኅዳር 14

አሊ ደወለ። «ማሌሽ፣ ይቅርታ ፈይሩዝ፣ ወላሂ አላወቅሁም።» ጥፋቱ የእሱ ነው እንዴ? ማን እንደሚጽፍ ያልወሰንሁት እኔ። ከዛሬ ጀምሮ ዝርዝሩን እትዬ በለጡ ብቻ ይጽፋሉ፤ አሊ ያነባል። የአውቶቡሱ ሰዓት ለብቻው ሌላ ፋይል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 17፣ የዒድ ዋዜማ

ከገዳሪፍ የሚመለሰው አውቶቡስ በራችን ላይ ቆመ። አንድ ሽማግሌ ማንም ሳይመራቸው ወረዱ። አባባ ጣሃ ይባላሉ፤ ጠፍተው ከነበሩት አሥራ ዘጠኝ ስሞች አንዱ። ትናንት ዓይናቸው ተሠርቶ ዛሬ ጠዋት ፋሻው ተነሥቶላቸዋል።

«ስሜን ያገኘችው የትኛዋ ናት?»

እትዬ በለጡ ወደ እኔ ጠቆሙ። ሽማግሌው ቀረብ ብለው አዩኝ። ቆዩ። አሁንም አዩኝ። ሳቄ መጣ።

«ሱብሃናላህ! ፍንጭት ናት!» አሉ፣ ትልቅ ነገር እንዳገኘ ሰው።

ስስቅ አፌን በእጄ መሸፈን ልማዴ ነው። ዛሬ አልሸፈንሁም። እስኪጠግቡ ይዩ ብዬ...