ከክሎንራ ሣር በታች ስላሉት ሰባት ክፍሎች

ለክቡር ሚስተር ኮርማክ ላፊ
የአውራጃው ምክር ቤት የቅርስ መምሪያ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በመልካም ጤንነትና በጥሩ እንቅልፍ ላይ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እንቅልፉን ለይቼ የምመኝልዎ፣ በእኛ መንደር ካለፈው ነሐሴ ወዲህ ደህና የተኛ ሰው ባለመኖሩ፣ የጎደለው የኛ ድርሻ ለእርስዎ ደርሶ ይሆናል ብዬ ስለማስብ ነው። ከዚህ በፊት በአድራሻዎ የላክኋቸው አራት ደብዳቤዎች ቃል በቃል አንድ ዓይነት የሆነ፣ ፊርማው ሳይቀር በማሽን የታተመ መልስ የማግኘት ክብር ስለገጠማቸው፣ አምስተኛውን በመድኃኒት ቤቱ መስኮት፣ በቤተ ክርስቲያኑ በርና በአውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ለጥፌዋለሁ። ሌላው ሰው ሲያነበው ካዩ እርስዎም ያነቡት ይሆናል።

ኡና ጌራቲ እባላለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት የክሎንራን መድኃኒት ቤት ይዤ ኖሬያለሁ። በዚያ ዘመን ፎቶ ማሳጠብ የፈለገ ሁሉ ፊልሙን ለእኔ ያመጣ ስለነበር፣ ማን ከማን ጋር እንደተነሣ፣ ማንስ ከማን አጠገብ መቆም እንደተወ ከቄሱ ቀድሜ የማውቅ ሴት ነበርኩ። ቅሬታዬንም በለመድኩት መንገድ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ምስጋናዬን ይቀበሉ። ከሦስት ዓመት በፊት «የትልቁን ቤት ትዝታችሁንና ፎቶዎቻችሁን አምጡ፣ መጽሐፍ እናደርገዋለን» ብለው ሲያውጁ እውነት መስሎኝ ነበር። ትልቁ ቤት፣ የድሮዎቹ ባላባቶች መኖሪያ፣ ከተቃጠለ ሰባ ዓመት አልፎታል። የቀረው አራት ግድግዳና አንድ ጭስ ማውጫ ነው። የምሥራቁ ክንፍ ድንጋዩ ለመንገድ ሥራ ስለተፈለገ ከእሳቱ በኋላ ፈርሶ፣ ዛሬ በቦታው እንደ ገበታ ልብስ የተዘረጋ ለስላሳ ሣር አለ። እኔም በየቤቱ ዞሬ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ፎቶ ሰበሰብኩልዎ። አንዲት ሴት ከሟች ባሏ የጸሎት መጽሐፍ ውስጥ አውጥታ ስትሰጠኝ ጣቶቿ ፎቶውን አልለቀቁትም ነበር። «ይመለሳል?» አለችኝ። «ይመለሳል» አልኳት። ፎቶው አልተመለሰላትም፤ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ስታየኝ ወደ ማዶ የምሻገረው እኔ ነኝ።

ትዝታም ሰብስቤያለሁ። እማማ ዴሊያ መልኪን ዘንድሮ ዘጠና አራት ዓመታቸው ነው። በአሥራ አራት ዓመታቸው በትልቁ ቤት ወጥ ቤት የተቀጠሩ፣ ቤቱን ከውስጥ ከሚያውቁት ሰዎች መካከል በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሁለት ሰዓት ሙሉ መቅረጫዬ ፊት ተናገሩ።

«ቤቱ ተቃጠለ ይላሉ እንጂ ግማሹ እኮ አለ» አሉኝ። «ከሣሩ ሥር። የምድር ቤቱ ሰባት ክፍል ነው። ሻማ ይዤ እየቆጠርኩ ድንች ሳወጣ የኖርኩት እኔ ነኝ።»

«ሲያፈርሱት አልሞሉትም እንዴ፣ እማማ?»

«በምን ይሞሉታል? ድንጋዩን ለመንገድ ጫኑት። ባሌ ማይኪ እዚያ ሥራ ላይ ነበር። አለቃቸው ቸኮለ፤ የቤቱን በሮች ነቅለው በቀዳዳው ላይ አጋደሙ፣ አፈር ደፉበት፣ ሣር ዘሩበት። ማይኪ ቤት ገብቶ ‹ዛሬ በር ስንቀብር ዋልን› አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ በሜዳው አላለፈም። ዝናብ እየመታውም ቢሆን ዙሪያውን ነበር የሚሄደው።»

ከዚህ ሁሉ በመጽሐፍዎ የታተመው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «የእሑድ ኬክ ሽታ እስከ መንደሩ ይደርስ ነበር።» ቀጥለው «እኛ ግን ቀምሰነው አናውቅም» ያሉትን ለቦታ ቁጠባ እንደተዉት እረዳለሁ። ስለ ምድር ቤቱ የተናገሩትን የተዉትም እንዲሁ ለቦታ ቁጠባ መሆን አለበት። ከሣሩ በታች ያለው ቦታ ግን በጣም ሰፊ ነው።

ሁለተኛ፣ በመጽሐፉ ገጽ አርባ አንድ ላይ አምስት ወንዶች እየሳቁ የሚታዩበትንና «በሥራቸው ደስተኛ የሆኑ የአካባቢው ሰዎች» ተብሎ የተጻፈበትን ፎቶ በታላቅ አድናቆት ተመልክቼዋለሁ። ማይኪ ከግራ ሁለተኛው ነው። ፎቶው ከወገባቸው ላይ ተቆርጧል። ፎቶው የታተመበት ፊልም፣ ኔጋቲቩ፣ በመድኃኒት ቤቱ አሮጌ መሳቢያ ውስጥ ተገኝቶ እኔ ዘንድ ስለሆነ ከወገባቸው በታች ያለውን አውቃለሁ፤ አምስት ትልልቅ የእንጨት በሮች እጀታቸው ሳይወልቅ ጎን ለጎን መሬት ላይ ተጋድመው፣ በሁለት በሮች መካከል ባለው ክፍተት ጨለማው ይታያል። ሰዎቹም እንደሚመስለው እየሳቁ አይደለም። ፀሐይ ዓይናቸው ውስጥ ገብታ ነው።

ሦስተኛ፣ ያ የአምናው ደረቅ ሰኔ። ለአምስት ሳምንት ዝናብ ሲጠፋ፣ ሣሩ በቀጥታ መስመር ቢጫ እየሆነ በሜዳው ላይ የክፍሎቹ ቅርጽ ወጣ፤ ግድግዳው፣ መተላለፊያው፣ ደረጃው። ከኮረብታው ላይ ሆኜ ፎቶ አነሣሁና ሰባቱን ክፍሎች በቀይ ቀለም ቆጥሬ ላክሁልዎ። መልስዎ ፈጣን ነበር። ቀዩን ቀለም አስጠፍተው ፎቶዬን በምክር ቤቱ የግድግዳ ካሌንደር የሰኔ ወር ላይ አወጡት። «የክሎንራ የበጋ ቀለማት» ይላል። ለቤቴም አንድ ቅጂ ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። ከመታጠቢያ ቤቴ በር ጀርባ ሰቅዬዋለሁ።

አራተኛ፣ በዚያው ዓመት መስከረም ሜዳውን በትራክተር የሚያጭደው ፊንታን ሂኒ የኋላ ጎማው ሰመጠበት። ጎማውን ሲያወጣው የጠረጴዛ ያህል ቀዳዳ ቀረ። ድንጋይ ጥሎ ሲያዳምጥ እስኪያርፍ ድረስ ቆየ። መምሪያዎ ሁለት ሠራተኞችና ሁለት መኪና ጠጠር ልኮ ቀዳዳውን ከደፈነ በኋላ «የሣር እንክብካቤ ላይ ነን» የሚል ሰሌዳ ተከለ። በሳምንቱ ሰሌዳው እዚያው ነበር። ጠጠሩ ግን አልነበረም። የሰረቀው ሰው የለም።

ከዚህ በኋላ ያለው በቁጥር የሚነገር ስላልሆነ፣ ቁጥር መስጠቴን እዚህ ላይ አቆማለሁ።

ምክር ቤቱ ላዘጋጀው ያለፈው ነሐሴ በዓል ድንኳንና መድረክ በሜዳው መሀል እንደሚተከል፣ እማማ ዴሊያም የክብር እንግዳ ሆነው በመድረኩ ፊት እንደሚቀመጡ በሰማሁ ጊዜ፣ በመጽሐፉ ፎቶዎች ኤግዚቢሽን መክፈቻ ላይ ክቡርነትዎን ማነጋገሬን ያስታውሱ ይሆናል። የወይን ብርጭቆ ይዘው ነበር።

«ወይዘሮ ኡና፣ መሐንዲሱ እኮ አይቶታል» አሉኝ።

«የት ቆሞ?»

«ከመንገዱ ላይ። ደግሞ ሰው ወደ በዓል የሚመጣው ለመደሰት ነው፤ በአሮጊት ወሬ አናስጨንቀው።»

ብርጭቆዎን ወደ እኔ አንሥተው ወደ ከንቲባው ሄዱ። እኔም ወደ አሮጊቷ ሄድኩ።

«ከታች ያለውን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም» አልኳቸው። «እንዴት እዚያ ላይ ይቀመጣሉ?»

«አውቃለሁ» አሉኝ። «አንቺ ግን አንድ ነገር አታውቂም። ያኔ በቤቱ ፊት በነበረው ሣር ላይ መርገጥ ለእኛ ለሠራተኞቹ ክልክል ነበር። አንድ ቀን ንፋስ የወሰደብኝን ፎጣ ላነሣ ሦስት እርምጃ ገባሁ፤ የቤቱ ኃላፊ የወር ሙሉ የእሑድ ዕረፍቴን ቀማችኝ። እናቴ ታማ ነበር፤ ወሩን ሙሉ ሳላያት ቀረሁ። አሁን ሣሩ በቤቱም ላይ በቅሏል፤ መሀሉ ላይ ወንበር አድርገውልኛል። እቀመጥበታለሁ።»

ክቡር ሆይ፣ ተሰናብቼ ወጣሁ።  ፊንታን ግን የሳቸው ጎረቤት ነውና ሁሉንም ሰምቶ ኖሮ፣ በር ላይ ይዞኝ «ተያቸው፣ ይቀመጡ» አለኝ። «ወንበሩን ወደ ግንቡ ዳር አደርገዋለሁ። እዚያ ሥሩ ድንጋይ ነው። ሣሩ ያው ሣር ነው፣ ልዩነቱን አያዩትም።»

ከበዓሉ ሁለት ቀን በፊት፣ ሐሙስ ከምሳ በፊት፣ ወንበሩን ሊያነሣ ሄደ። የመብራት ገመድ ሲዘረጉ የነበሩት ሠራተኞች እንደነገሩኝ፣ ወንበሩን ተሸክሞ አራት እርምጃ ያህል እንደሄደ መሬቱ ልክ እንደ ሰው ተነፈሰ። የመፍረስ ድምፅ አልነበረም። ፊንታን እስከ ብብቱ ገብቶ፣ ሁለት ክንዱን በበሰበሰ በር ጠርዝ ላይ አድርጎ፣ እግሮቹ በባዶ አየር ላይ ተንጠለጠሉ። ከሥሩ የእርጥብ ከሰል ሽታ ያለው ቀዝቃዛ አየር ወጣ። አልጮኸም። ቀስ ብሎ «አትሩጡ፤ ማንም እንዳይሮጥ» አለ። መሰላል አጋድመው እየዳኹ ሊደርሱበት ሲሉ የመድረኩ ማዕዘን ወደ ቀዳዳው ተንሸራትቶ ገብቶ የተንጠለጠለውን እግሩን መታው። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ከእጁ ያመለጠው ወንበር ከታች ወለሉን ሲመታ የተሰማው ዘግይቶ ነው።

በማግሥቱ ያወጡትን መግለጫ በጥንቃቄ አንብቤዋለሁ። «በአየር ሁኔታ ትንበያ ምክንያት በዓሉ ወደ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተዛውሯል» ይላል። ቅዳሜ ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና አልነበረችም። ለፊንታንም በሆስፒታል አልጋው ላይ «ያለ ፈቃድ ወደ ሥራ ቦታ በመግባትዎ» የሚል ማስጠንቀቂያ ደርሶታል። ማህተሙ በጣም ያማረ ነበር።

እማማ ዴሊያን ይዤ ልጠይቀው ሄድኩ።

«ወንበሬን ምን አደረግህብኝ?» አሉት ገና ከበሩ።

«ከታች ነው ያለው። ወርደው ይቀመጡበት» አላቸው።

አስታማሚዋ ሮጣ እስክትመጣ ድረስ ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ እማማ ዴሊያ በብርድ ልብሱ ላይ የታሰረውን እግሩን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው ማልቀስ ጀመሩ። «የኔ ግትርነት ነው» አሉ። እኔ ግን የሳቸው ግትርነት እንዳልሆነ ነግሬያቸዋለሁ፤ የማን እንደሆነም ስሙን ከነማዕረጉ ነግሬያቸዋለሁ።

አሁን ጉዳዩ እንዲህ ነው። በትራክተሩም በወንበሩም የተከፈተው ያው አንድ ክፍል ነው። ስድስት ይቀራል። መምሪያዎ ቀዳዳውን በቆርቆሮ ሸፍኖ ዙሪያውን በቢጫ ጥብጣብ አጥሮ ሄዷል። ጥብጣቡን ንፋስ ወስዶት በጭስ ማውጫው ላይ ተጠምጥሟል። ሜዳው ከሩቅ ሲያዩት ልክ ሰው እንደተኛበት አልጋ መሀሉ ጎድጉዷል፤ በየሳምንቱም እየወረደ ነው። የፊንታን ውሻ እስከ ሣሩ ጠርዝ ይመጣና ይቆማል። በመጽሐፍዎ የመጨረሻ ገጽ ላይ ደግሞ የመጪው ወር የተማሪዎች ጉብኝት በዚያው ሜዳ እንደሚካሄድ፣ «ምሳም በሣሩ ላይ» እንደሆነ ተጽፏል። ሠላሳ ስምንት ልጆች ናቸው። አስተማሪያቸውን አነጋግሬያለሁ። «ከምክር ቤቱ የተከለከለ ነገር የለም፣ ምን ልበል?» አለችኝ። ስለዚህ በዚያ ቀን እኔና ሌሎች አሥራ አንድ ሽማግሌዎች በሜዳው በር ላይ እንቆማለን። ካለፉ በእኛ ላይ ነው የሚያልፉት።

እማማ ዴሊያ የሰባቱን ክፍሎች ንድፍ በቤተ ክርስቲያን በራሪ ወረቀት ጀርባ ላይ መሣል ጀምረዋል፤ ሦስቱ አልቀዋል። ዓይናቸው እየጠፋ ነው። ሐኪሙ እስከ ገና ድረስ ብቻ ሰጥቷቸዋል፤ ስለ ዓይናቸው ማለቴ ነው። መምሪያዎ አንድ መሐንዲስ ልኮ፣ እሳቸው በዓይናቸው እያዩ፣ «እዚህ ጋ ነው፣ እዚህ ጋ አይደለም» እያሉ እንዲያሳዩት ብለምን፣ ቀጠሮው ለፀደይ እንደተያዘ ተነገረኝ። ለትዕግሥትዎ ያለኝ አክብሮት ወሰን የለውም። የመሬቱ ትዕግሥት ግን ያንን ያህል አይመስለኝም።

በፍጹም አክብሮት፣ ከማይገባኝ ትሕትና ጋር፣ ለቅርሶቻችን ላሳዩት የማይታክት ዝምታ ምስጋናዬን ደጋግሜ እያቀረብኩ፣

የክሎንራ ነዋሪ
ኡና ጌራቲ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ወር መምሪያዎ ከሜዳው አጠገብ ወዳለው፣ ወደ ታደሰው የትልቁ ቤት የፈረስ በረት ሕንጻ በመዛወሩ የእንኳን ደስ አለዎት ካርድ እማማ ዴሊያ እንዲፈርሙበት ወስጄላቸው ነበር። ካርዱን በእጃቸው ይዘው፣ የእርስዎ ጠረጴዛ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቁኝ። በጓሮው መስኮት በኩል እንደሆነ ነገርኳቸው። «ከሰሉ ከጋሪው ወደ ምድር ቤቱ የሚገለበጥበት ነው» አሉ። «የከሰሉ ክፍል ከሣሩ አልፎ እስከ በረቱ ሥር ይደርሳል፤ ከሰባቱም የሚጠልቀው እሱ ነበር።» ከዚያ በጥሩ ጽሑፍ ፈረሙ፤ ካርዱ በፖስታ እየመጣልዎ ነው።