ዐይነ እሳትን ፍለጋ

ጥቅምት 4 ቀን 1958
ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ጀምሯል። ቢሮ ገብቼ ሳልቀመጥ ዋና አዘጋጃችን ጋሽ አካሉ ጠሩኝ።
«አምስቱን ዘቦች ታስታውሻለሽ?»
ማን ይረሳል! ከአሥር ዓመት በፊት በመጽሔታችን በሥዕል ይወጡ የነበሩት ጀግኖች... አንዱ ተራራ ያነሣል፣ አንዱ ነፋስ ይቀድማል፣ ዐይነ እሳት ደግሞ ድንጋይን ትክ ብላ አይታ ትሰነጥቃለች። እንደገና ሊያስጀምሯቸው ነው። «በዓምድሽ አንባቢውን አሟሙቂልኝ» አሉ።
የድሮዎቹን ቁጥሮች ሳገላብጥ ዋልኩ። ሥዕሉ ምኑ ያምራል? የተራራ አንሺው ክንድ ከእግሩ ይረዝማል። ዐይነ እሳት ግን... ከወረቀቱ ላይ ታፈጣለች። ይህችንስ ሠዓሊው ከሐሳቡ አልፈጠራትም፤ አንዲት ሰው አይቶ ነው።

ጥቅምት 7
ከበበ የሚባለውን ሠዓሊ የካ ሄጄ አገኘሁት። አሁን የሱቅ ማስታወቂያ ነው የሚስለው።
«ሁሉም ጎረቤቶቼ ነበሩ እኮ» አለ። ተራራ አንሺው ግንድ ፈላጭ፣ ነፋስ ቀዳሚው ተላላኪ...
«ዐይነ እሳትስ?»
«ወለተጊዮርጊስ ናታ! እዚህ ዳገቱ ላይ በርበሬ የምትቸረችረው። ዐይኗን አላየሽም? አንዴ አፍጥጣብኝ እርሳሴ ከእጄ ወደቀ!»
ሳቅን፣ ሳቅን። እግዜር ይስጠው፣ ዓምዴ ተገኘ።

ጥቅምት 21
ወጣ። «ዐይነ እሳት ከነነፍሷ የካ አለች፤ ስታልፉ ሰላም በሏት» ብዬ ስሟን ከነሰፈሯ አስገባሁ። የእርሳሱንም ጨዋታ። ሰው ወደደልኝ። ጋሽ አካሉ ስልክ ከጆሯቸው አልነቀል አለ።

ኅዳር 3
አንዲት ልጅ መጣች። የሺመቤት፣ የወለተጊዮርጊስ ልጅ። ተቀመጪ ብላት እምቢ።
«እርስዎ ነዎት የጻፉት?»
ለጥር ሠርግ ተቆርጦላት ነበር። አንድ ዘመድ ዓምዴን ለሙሽራው እናት አነበበላቸው። እናትየው «በዐይኗ ድንጋይ የምትሰነጥቅ? ሠዓሊው እንኳ እርሳሱ የወደቀበት? ቡዳ ናት በሉኛ!» አሉ። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው «ነገሩ ቀርቷል» ብለው ሄዱ።
«ጀግና ናት እኮ ያልኩት» አልኳት።
«እሳቸው ጀግናዎን አያውቁትም። ቡዳን ግን ያውቃሉ።»
ማስተባበያ እናውጣ ብል ጋሽ አካሉ ሳቁ። «እንዲህ እየተነበበልን? አብደሻል?»

ኅዳር 11
እኔው ሄድኩ። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ በርበሬያቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። የሚገዛ የለም። ሰው ሲያልፍ አንገታቸውን ይደፋሉ።
«እማማ፣ ለምን ቀና አይሉም?»
«ብል ማን ያስተርፈኛል ልጄ?»
ጥቁር መነጽር ገዝቼ ወስጄላቸው ነበር። ዐይናቸውን ታመዋል ይባላል፣ ወሬው ይበርዳል... አደረግሁላቸው። አመረባቸው፣ እውነቴን ነው። መረቁኝ።

ኅዳር 24
ከበበ ደወለ። እየሳቀ። «የሰፈሩ ልጆች የሚሉትን ሰማሽ? መነጽሩን ያደረገችው ሰፈሩን እንዳታቃጥል ነው አሉ! እንዴት ያለ ሐሳብ መሰለሽ፣ ወስጄዋለሁ።»
ወስጄዋለሁ ማለት ምን ማለት ነው?

ታኅሣሥ 14
አዲሱ ቁጥር ወጣ። ዐይነ እሳት ጥቁር መነጽር አድርጋለች። ጀግናም አይደለችም። አራቱን ከድታ ጠላት ሆናለች፤ መነጽሯን ስታወልቅ መንደር ይነዳል። «አንባቢ እንዲህ ነው የሚፈልጋት» አሉ ጋሽ አካሉ። ከሰዓት ሳይደርስ ተሸጦ አለቀ።
ከምሳ በኋላ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ራሳቸው ቢሮ መጡ። ያለ መነጽር። ጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ።
«ልጄ፣ የሺመቤት ከቤት መውጣት ትታለች። አንዴ ቀና ብለሽ እዪኝ። ከዚያ ያየሽውን ጻፊ። ሌላ አልጠይቅሽም።»
ወረቀቶቼን አስተካከልኩ። እንደገና አስተካከልኩ... ጫማቸው ጭቃ ነው፣ ያ ብቻ ነው የታየኝ።
«አንቺም?» አሉ።
ወጡ።
ከዚያ ጀምሮ ሆዴን ይቆርጠኛል። የምሳው ሽሮ ይሆናል። ሽሮው ነው እንጂ፣ የተማረ ሰው...
ማታ ነጭ ሽንኩርት በጨርቅ ቋጥሬ አንገቴ ላይ አሰርኩ። ቤት ውስጥ ለጠየቀኝ ለጉንፋን ነው ብያለሁ።